ከሚዛን በኋላ የተጨመረ እፍኝ

አባቴ አሰበ ተፈሪ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። ከተማዋ ጭሮ መባል ከጀመረች ስንት ዘመኗ፣ እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አሰበ ተፈሪ እንዳለ ነው የኖረው። ስሟን የለወጡት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ ስላላወቀ ይመስለኛል። ያልቆጠረውን ነገር አያምንም ነበር፤ የቆጠረውንም እንደገና ካልቆጠረው አያምንም። እናቴ አንድ ጊዜ ከአሰቦት ገዳም በጀሪካን ጠበል ይዛ ስትመለስ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ከማለቱ በፊት "ስንት ጀሪካን ይዘሽ ነበር የሄድሽው?" አላት። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሲል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥር የለውም። ይህን የማወራው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ጥርጣሬን ዩኒቨርሲቲ እንዳልተማርኩት ይታወቅልኝ ብዬ ነው፤ ከቤቴ ይዤው ነው የሄድኩት።

ዩኒቨርሲቲ የጨመረልኝ ስሙን ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪዬን በአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ስሠራ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን በመጋዘን በር ላይ ቆሞ ሲያደርገው የኖረው ነገር ትልቅ ትምህርት መሆኑን አየሁ። ዕቃ ከሚመረትበት እስኪበላ ድረስ በስንት እጅ ያልፋል፣ በየትኛው እጅ ይጎድላል፣ በየትኛው ይለወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተመልሼ ጭሮ ላይ ማስተማር ስጀምር ለአዲስ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። "ዕቃ የሚሰረቀው ሰው በታመነበት ቦታ ነው።" ሁሉም አቀርቅረው ይጽፏታል። ሲጽፏት ደስ ይለኝ ነበር።

ከክፍል ውጭም ያው ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፌን ካመሰገነልኝ ምን ሊለምነኝ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ገበያ ስወጣ የሚዛኑን ሳህን ከሥር ገልብጬ አያለሁ፣ ሰም ተለጥፎበት እንዳይሆን። አይቼም አላምንም። ስለዚህ የተመዘነው ፌስታሌ ውስጥ ከገባ በኋላ "መርቂልኝ" እላለሁ፤ የፌስታሌንም አፍ ከፍቼ እቆማለሁ። ሻጯ አንድ እፍኝ ምርቃት ካልጨመረች ከዚያ ቦታ አልንቀሳቀስም። ባለቤቴ፣ "አንተ ምርቃትህን ሳትወስድ ብትሞት መቃብር ፈንቅለህ ትመጣለህ" እያለች ትስቅብኛለች። ይሳቅብኝ፤ ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

አንድ ቀን ስለ ሙያው መጪ ዘመን እያስተማርኩ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰውን ማመን አያስፈልግም፣ እያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር ይኖረዋል፣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ጆንያው ራሱ ይናገራል እያልኩ ሞቅ ብሎኛል። ከኋላ የገለምሶ ልጅ የሆነች ተማሪ እጇን አወጣች። እናቷ ጫት ነጋዴ ናት።

"መምህር፣ ገለምሶ ጎህ ሲቀድ የተቀጠፈ ጫት ከቀትር በፊት እዚህ ደርሶ ያልፋል። ማንም ቁጥር አይለጥፍበትም። እናቴ ማንበብም አትችልም። አንድ እስር ጠፍቶባት ግን አያውቅም።"

"እንዳልጠፋ በምን አወቅሽ?"

"ቢጠፋ ትሰማ ነበራ።"

"ከማን?"

"ከጠፋበት ሰው ነዋ! ደውሎ ይጠይቃታል፣ ትነግረዋለች።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "ይኼ ወሬ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም" አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቡና ገዢ ድርጅት ፈለገኝ። የውጭ ደንበኞቹ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደወጣና በማን እጅ እንዳለፈ ካላወቁ አንገዛም ብለውታል። ከመቻራ እስከ ጭሮ መጋዘን ድረስ እያንዳንዱን ጆንያ የሚከታተል ሥርዓት ንደፍልን አለኝ። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬን ያስገባሁበት ጊዜ ስለነበር እንዲህ ያለ ሥራ ከሰማይ የወረደ ያህል ነው። ደስታዬን ግን ለማንም አላሳየሁም። ከዚህ ሁሉ መምህር እኔን ለምን መረጡ የሚለው ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ መቻራ ላለ ሰብሳቢ ያመጣል። ጆንያው ሲሞላ ይመዘናል፣ ክብደቱ በስልክ ወደ እኛ ይላካል፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰፋበታል። መኪናው በገለምሶና በበዴሳ አድርጎ ጭሮ ሲደርስ እንደገና ይመዘናል። ሁለቱ ክብደቶች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ያጭበረበረ ሰብሳቢ የተመዘገበበት ቁጥር ይዘጋል። አንዴ የተዘጋ ቁጥር ደግሞ በማንም ትእዛዝ እንዳይከፈት አደረግኩት። የሚከፈት በር ከተውኩ ዘመድ ያለው በዘመዱ፣ የሌለው በጉቦ ያስከፍተዋል ብዬ ነው። ድርጅቱ በተለይ ይህችን ነገር ወደዳት።

አምስት ሰብሳቢዎች መረጥን። አራቱ ወንዶች ናቸው። አምስተኛዋ ሁሉም ሰው በአክብሮት "አዴ" የሚላቸው አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከመንገዱ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤታቸው ቡና ሲሰበስቡ ኖረዋል። ከማዶ ኮረብታ ያሉ ገበሬዎች እሳቸውን አልፈው ለሌላ አይሸጡም፤ አዴና ልጃቸው የሚኖሩትም በዚሁ ነው። ወደ ሥርዓቱ መግባት አልፈለጉም ነበር።

"ስልክ ምን ያደርግልኛል? ሚዛን አለኝ" አሉኝ።

ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ቁጥር የሌለው ሰው ለድርጅቱ መሸጥ አይችልም፣ ነገ ደግሞ ሌሎቹም ገዢዎች እንዲሁ ይላሉ፣ ቤትዎ ይዘጋል አልኳቸው። "እሺ፣ አንተ ካልክ" አሉ። ቶሎ እሺ ማለታቸውን ጠረጠርኩት።

ብዙም አልቆየ። ቡና መንገድ ላይ ይደርቃል፣ ስለዚህ መቻራ ከተመዘነው ጭሮ ላይ ትንሽ ይቀላል። የአራቱ ወንዶች ጆንያ ልክ መጽሐፍ እንደሚለው እየቀለለ ገባ። የአዴ ጆንያ ግን ከብዶ ይገባል። ብዙ አይደለም፣ ግን በእያንዳንዱ ጭነት ላይ። ዕቃ መንገድ ላይ የሚጎድልበትን ምክንያት ለተማሪ አንድ ሙሉ ቀን ላስተምር እችላለሁ። የሚጨምርበት ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱም ማጭበርበር ነው።

መጀመሪያ ውኃ ረጭተውበት ነው አልኩ። ከዚያ ጠጠር ነው አልኩ። ሦስት ጆንያ መጋዘኑ ወለል ላይ በሸራ አስዘረገፍኩና ተንበርክኬ በጣቴ እየለየሁ አየሁት። ጠጠር የለም። ቡናው ደርቆ ይንኳኳል። የመጋዘኑ ኃላፊ "መምህር፣ ምን ይፈልጋሉ? ከዚህ የተሻለ ቡና እኮ እዚህ አይገባም" አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱንም ጠረጠርኩት፤ ከአዴ ጋር ይዛመድ እንደሆነ ሰው ጠየቅኩ። አይዛመድም። ምንም አለማግኘቴ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ምክንያቱም አባቴ ጎበዝ ሌባ ቆሻሻ አይተውም ይል ነበር። እንግዲህ የቀረው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ማሳው የማይታወቅ ቡና ይቀላቅላሉ የሚለው ነው። የውጭ ገዢዎቹ የፈሩትም ይህንኑ ነው።

ሳልናገር መቻራ ወረድኩ። ከጭሮ ገለምሶ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘሁት መኪና፣ አቧራ ጠጥቼ ደረስኩ። በማግስቱ ማለዳ ከአዴ ቤት ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ነው የሚሠሩት። ገበሬ አህያውን ያራግፋል፣ ይመዘንለታል፣ ቡናው ጆንያ ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ከራሱ ከረጢት አንድ ነገር እየዘገነ ሚዛኑ አጠገብ ካለች ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። የሚጥለው ከሩቅ አልታየኝም። ጆንያው ሲሞላ ተመዘነ፣ ልጃቸው ክብደቱን በስልክ ላከች። ይኼን ጊዜ አዴ ያቺን ቅርጫት አንስተው ጆንያው ላይ ገለበጧት። ቡና ነው! ከሚዛን በኋላ፣ ክብደቱ ከተላከ በኋላ። ከዚያ ጆንያው ተሰፋ።

ያዝኳት አልኩ በሆዴ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ተሻግሬ መጠየቅ እችል ነበር። ኦሮምኛም እችላለሁ፣ ጭሮ ተወልጄ እንዴት አልችልም። ግን የተጠረጠረን ሰው መጠየቅ ማስጠንቀቅ ነው ብዬ ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሻዩን ሒሳብ ከፍዬ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ሪፖርቱ ላይ "ከሚዛን በኋላ ምንጩ ያልታወቀ ቡና ወደ ጆንያው ይጨመራል" ብዬ ጻፍኩ። ምንጩ ያልታወቀው እኔ ስላልጠየቅኩ መሆኑን አልጻፍኩም። በሳምንቱ የአዴ ቁጥር ተዘጋ። ያንን ፎቶ ፊታቸውን ሸፍኜ አንድ ጉባኤ ላይ አሳየሁት፤ ሥርዓቱ ሠርቷል፣ አጭበርባሪን ያጋልጣል አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱም ተሰጠኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጭሮ ገበያ ከደንበኛዬ ኦቾሎኒ ገዛሁ። መዘነችልኝ፣ ፌስታሌ ውስጥ ገለበጠችልኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ "መርቂልኝ" አልኩ። እሷ ግን እኔ ከመናገሬ በፊት እፍኟን ሞልታ ነበር።

"ባትለኝስ ልተወው ነበር? ሳይመረቅ ይሸጣል እንዴ!" ብላ ጨመረችልኝ።

ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ። ይኼ ኦቾሎኒ አሁን ቤቴ ቢመዘን ከብዶ ይገኛል። ከተመዘነው በላይ ነው፤ ማንም ደግሞ አላጭበረበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በገዛ እጄ ስቀበለው የኖርኩት ነገር ነው፣ ከሥርዓቴ ውስጥ ግን ቦታ አልሰጠሁትም። ለሌብነት፣ ለእርጥበት፣ ለአይጥ ሳይቀር ቦታ አለው። ሻጯ "ምነው? አነሰህ እንዴ?" አለችኝ። የአዴ ቅርጫት ትዝ አለኝ።

እንደዚያም ሆኖ ራሴን አላመንኩም። ማረጋገጥ አለብኝ ብዬ መቻራ ተመለስኩና መጀመሪያ ከአራቱ ወንዶች ወደ አንዱ ሄድኩ። ገበሬ እየመዘነ ነበር። ገበሬው ቡናው ከተመዘነ በኋላ በእፍኙ ዘግኖ ሰብሳቢው እግር ሥር ካለ ጣሳ ውስጥ ጨመረ።

"ይኼ ምንድነው?" አልኩት።

"ምርቃት ነዋ! ገበሬ ሁሉ ይመርቃል። ሚዛኑ አጉድሎበት ቢሆን እንኳ በእሱ በኩል የሰው ሐቅ እንዳይኖርበት ነው። የአባቶች ነው።"

"የት ታደርገዋለህ?"

ሳቀ። "የት አደርገዋለሁ፣ ቤት እንጠጣዋለን። ዋላሂ፣ እኔ ለቤቴ ቡና ገዝቼ አላውቅም።"

"አዴስ?"

ሳቁ ቀነሰ። "አዴማ ምርቃቱ ቡናውን ለሚወስደው ነው፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ ይላሉ። ከጆንያው ጋር ይልኩታል። እኛ እንደውም እናሾፍባቸው ነበር።"

የአራቱ ቁጥር ያማረው ምርቃቱን ቤታቸው ስለጠጡት ነው። ሥርዓቴ የያዘው አንዲት ፍሬ ያላስቀሩትን ሴት ነው። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ለድርጅቱ ኃላፊ ደወልኩ፤ ተሳስቻለሁ፣ የሴትዮዋን ቁጥር ክፈቱ አልኩት።

"መምህር፣ አይከፈትም እኮ" አለኝ። "እንዳይከፈት ያደረጉት እርስዎ ነዎት።"

"እሺ፣ አዲስ ቁጥር ስጧቸው።"

"ቁጥሩ ለተዘጋበት ሰው ሁለተኛ አይሰጥም። ያንንም እርስዎ ነዎት ያስገቡት። ለቤተሰቡም አይሰጥም ብለዋል።"

እውነቱን ነው። ልጃቸውን ያስመዘግባሉ ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

አዴ ቤት ስደርስ በሩ ግማሹ ብቻ ክፍት ነው። ትልቁ ሚዛን ጨርቅ ለብሷል። ከኮረብታው የሚወርዱት ገበሬዎች አህያቸውን እየነዱ በበሩ ላይ ያልፋሉ፤ ይቆማሉ፣ አዴን ጎንበስ ብለው ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ ምርቃቱን ቤቱ ወደሚጠጣው ሰብሳቢ ይሄዳሉ። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ገለምሶ ሄዳለች። አዴ ሲያዩኝ አልደነገጡም።

"ኮቱ፣ ታኢ፤ ና፣ ተቀመጥ" ብለው በርጩማውን ገፋ አደረጉልኝ።

ተቀመጥኩ። "አዴ፣ ተሳስቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ያን ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠህ አይቼሃለሁ። ለልጄ መምህሩ መጥቷል፣ መንገድ አድክሞት ነው፣ አሁን ይመጣል አልኳት። ምሳ አስቀመጥንልህ። ስልክህን አነሳህ፣ ከዚያ ሄድክ።" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፣ ልጄ። በር ላይ እኮ ነው የምንሠራው።"

ድርጅቱ ምን እንዳለኝ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩ እንደማይከፈት፣ ለልጃቸውም እንደማይሰጥ። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"ይኼን ነገር ሰው አይደለም የሠራው?"

"ሰው ነው። እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ሰው አይከፍተውም?"

"ሰው እንዳይከፍተው አድርጌ ነው የሠራሁት።"

ትኩር ብለው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ያየሁት ግን ሐዘኔታ ነው። "አይ አንተ ልጅ" አሉኝ። "ማንን ፈርተህ ነው?"

አባቴ ትዝ አለኝ፣ በር ላይ ቆሞ ጀሪካን ሲቆጥር። ለአዴ ግን አልነገርኳቸውም። ለድርጅቱ እንደምጽፍ፣ ቢሮ ለቢሮ እንደምዞር፣ ካልሆነም ሌላ ገዢ እንደምፈልግላቸው ቃል ገባሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሌን እንዳላመኑት አውቄያለሁ። እኔም ብሆን አላምነውም ነበር።

ልነሳ ስል ባዶ እጄን መውጣት ከበደኝ። ጥግ ላይ በዚያችው ቅርጫት ውስጥ ትንሽ ቡና አየሁ።

"አንድ ኪሎ ይሽጡልኝ" አልኳቸው።

ለቤት የምትሆነውን ትንሽ ሚዛን፣ ባለ ሁለት ሳህኗን፣ አወረዱ። በአንዱ ሳህን ኪሎውን አስቀመጡ፣ በሌላው ቡናውን አፈሰሱ። የቡናው ሳህን ወረደ። በጣታቸው ቀነሱ፤ አሁንም ወረደ። ሁለት ፍሬ አነሱና ወደ ቅርጫቱ መለሱ፣ ከዚያ አንድ። ሳህኖቹ እኩል እስኪቆሙ ጠበቁ።

"እይ" አሉኝ።

"አይቻለሁ፣ አዴ።"

ፌስታሌ ውስጥ ገለበጡልኝ። እኔ የፌስታሉን አፍ ከፍቼ ቆሜያለሁ። መርቁልኝ አላልኩም፣ በምን አፌ። እጄ ብቻ ነው ከልማዱ ሳይዘጋ የቀረው። ቅርጫቱ በመሃላችን ነበር፤ እጃቸው ጫፉ ላይ እንዳረፈ አልተነሳም።

"ምን ቀረ?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩና ፌስታሌን ቋጠርኩ።